ለሦስቱም ያነሳናቸው እጆች

መጀመሪያ ድምፅ በሰጠሁበት ቀን ሦስት ጊዜ ሰጠሁ፤ ለዚያውም ለአንድ ወንበር። ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ደሴ ውስጥ፣ ሆጤ ሰፈር፣ መሠረተ ትምህርት እንማርበት በነበረው የቀበሌ አዳራሽ ነው። የተመረጠው የአገር ሹም አይደለም፤ የተማሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር ነው። ተማሪዎች የምላችሁ ደግሞ እኛን ነው። ከሰል ሻጩ፣ ሸማኔው፣ የልጆች እናት፣ ከዘራውን ግድግዳ አስደግፎ የሚቀመጥ ሽማግሌ፣ መቁጠሪያዋን በነጠላዋ ውስጥ የምታሽከረክር ባልቴት፤ ሁላችንም ሀሁ ላይ ነበርን።

እኔ ያን ጊዜ ከኮምቦልቻ ቲማቲምና ቃሪያ እያመጣሁ ደሴ እሸጥ ነበር። ኮምቦልቻ ሞቃት ነው፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ምኑም ምኑም ይበቅላል። ደሴ ብርድ ነው፤ ጦሳ ተራራ ላይ ደመና ከተቀመጠ ቲማቲም የሚባል ነገር መቅላቱን ይረሳል። ስለዚህ ጠዋት በሎንቺና አውቶቡስ ወርጄ ከገበሬው እረከብና በሐረጎ ጠመዝማዛ ዳገት ተመልሼ እወጣለሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ልጆቼ ያደጉት በዚያ ዳገት ነው ብል ውሸት የለበትም።

ፊደል ልቁጠር ያልሁት ሌሎች እንዳሉት ንቃት መጥቶልኝ አይደለም። ጆንያዬን ከሌላው ጆንያ የምለየው አፉ ላይ በማስረው ቀይ እራፊ ነበር። አንድ ቀን ሌላይቱም ነጋዴ ቀይ እራፊ አስራ ኖሮ፣ የሷን የኔ መስሎኝ አሸክሜ ልሄድ ስል መናኸሪያ መሐል "ሌባ" ተባልሁ። ስሟ ጆንያው ላይ በከሰል ተጽፎ ነበር። "ይኸ ሁሉ ጽሑፍ አይታይሽም?" አለችኝ። ይታየኝ ነበር። ከሰል ሆኖ ነው የታየኝ። በዚያው ሳምንት ሄጄ ተመዘገብሁ።

መምህራችን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ ልጅ ናት። ስትገባ ሁላችንም ብድግ እንላለን። እሷ ታፍራለች። "ኧረ እባካችሁ ተቀመጡ፣ እናቶቼ አይደላችሁም ወይ?" ትላለች። እኛ ግን እሷ ሳትቀመጥ አንቀመጥም፤ እሷ ደግሞ ወንበር የላትም። እንዲህ ስንግደረደር ከትምህርቱ ጥቂት ያልፋል።

ችግሬ ሰዓቱ ነበር። ትምህርቱ የሚጀምረው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን ማን እንደ ወሰነው አላውቅም፤ ማንም ይሁን ማን ቲማቲም ሸጦ አያውቅም። ሎንቺና ሰው እስኪሞላ አይነሳም። ከተነሳ በኋላ ኬላ ላይ ይፈተሻል። አላህ ያለለት ቀን ለስምንት እደርሳለሁ፣ ያላለለት ቀን ወደ አሥር ግድም ነው ደሴ የምገባው። ደንቡ ደግሞ ጥብቅ ነው፤ በአንድ ዙር ሦስት ቀን የቀረ ሰው ስሙ ይሰረዛል። በዚያ ዘመን ስም ከየትኛውም ዝርዝር ላይ ሲሰረዝ ለጆሮ ደስ አይልም፤ እኔ ግን የፈራሁት ሌላውን አይደለም፣ ትምህርቱን ነው። የሚቀጥለው ዙር መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ አልነበረም። ሁለት ቀን ቀርቼያለሁ። አንድ ቀን ብደግም አበቃልኝ።

አግዳሚው ላይ አብራኝ የምትቀመጠው ዳቦ ሻጭ ናት። እሷ ክርስቲያን፣ እኔ እስላም፤ በአንድ እርሳስ ነበር የምንጽፈው፣ እርሳሱን ለሁለት ሰብረን። የመጣችበትን ምክንያት ስጠይቃት "ከቤት ወጥቼ ልቀመጥ ብዬ ነው" አለችኝ። ከጎኗ ሁልጊዜ የትኩስ ዳቦ ሽታ ስላለ ስምንት ሰዓት ላይ ሳልበላ የደረስሁ ቀን ፈተና ነበረች።

እንዲህ ስንል አንድ ቀን የቀበሌው ካድሬ ገባና ተማሪው ራሱን በራሱ ማስተዳደር እንዳለበት ነገረን። ብዙ ተናገረ። አብዛኛው አልፎኝ ሄደ። "የተማሪው ችግሮች፣ ለምሳሌ የወንበር፣ የጠመኔ፣ የሰዓት" ሲል ግን ጆሮዬ ቆመ። የሰዓቱን ነገር የሚያይ ሰው ሊመረጥ ነው ማለት ነው።

ሁለት ወንዶች ወዲያው ተነሱ። አንዱ ልብስ ሰፊው ነው፣ ሁለተኛው ወፍጮ ቤት የሚሠራው ሰውዬ። ካድሬው ወረቀቱን አየና "ከእጩዎች አንዷ ሴት መሆን አለባት፣ መመሪያው እንዲያ ይላል" አለ። ሴቶቹ በሙሉ ወደ መሬት አየን። ዳቦ ሻጯ ብቻ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታይ ነበር፤ እንጨቷን ደጅ ትታ ስለመጣች ዝናቡ አሳስቧት። ዓይኗን ስትመልስ ከካድሬው ዓይን ጋር ተጋጠመች። እንዲህ ሆና እጩ ሆነች።

"ምን ሆንሁ?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"እጩ።"

"ምን ያደርጋል?"

"እኔ እንጃ። ይመረጣል መሰለኝ።"

ለቅስቀሳ አንድ ሳምንት ተሰጠ። ከዚያ በፊት ልብስ ሰፊው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ራሱን ነቅንቆ ነበር የሚያልፈኝ። በዚያ ሳምንት ግን ቤቴ ድረስ መጣ። ለራሱ አራት ኪስ ያለው ካኪ ሰፍቷል። የላይኛው ኪስ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ሰክቷል፤ ሀሁ ላይ ላለ ሰው አንድም ይበዛበት ነበር።

"እህቴ፣ ምን ችግር አለብሽ? ሳትፈሪ ንገሪኝ" አለ፣ ገና ሳይቀመጥ።

"ሰዓቱ ነው ወንድሜ። ስምንት ሰዓት አይመቸኝም። ከኮምቦልቻ እስክመለስ ያልፈኛል። አሥር ሰዓት ቢሆንልኝ።"

"ጥሩ ጥያቄ ነው።" ትንሽ አሰበና "በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው" አለ።

"እኮ፣ ብትመረጥ ታስለውጥልኛለህ?"

"እህቴ፣ ሰዓት ትንሽ ነገር ናት። እኔ የማየው ከሰዓት በላይ ነው። እኔ የማየው ዘመኑን ነው።"

"ዘመኑስ ስንት ሰዓት ላይ ይጀምራል?" አልሁት። የምሬን ነው፣ አልቀለድሁም።

ሳቀና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ወጣ። በር ላይ ሲደርስ ቀሚሴን ከላይ እስከ ታች አይቶ "ይኸ እጅጌ ሰፍቶሻል፣ ብቅ በይ፣ አጠብብልሻለሁ" አለኝ። ቅስቀሳው ውስጥ ልብ ያለው ቃል ያች ብቻ ናት። ሰውየው መርፌ ሲይዝ ብልህ ነበር፤ ማን እንዳሳሳተው አላህ ይወቅ።

የወፍጮውን ሰውዬ ያገኘሁት እህል ላስፈጭ ሄጄ ነው። ሽፋሽፍቱ ዱቄት ለብሷል። ሞተሩ እየጮኸ ስለነበር እሱም እየጮኸ ነው የሚቀሰቅሰው። እስከ ኩታበር ድረስ አስፋልት እንደሚያስነጥፍ ነገረኝ። ገራዶ ቧንቧ እንደሚያስገባ ነገረኝ። የፊደል ክፍላችን ኮሚቴ አስፋልቱን በምን እንደሚያነጥፈው አልጠየቅሁትም። እኔ የጠየቅሁት የራሴን ነው።

"ሰዓቱንስ?" ብዬ ጮህሁ።

"ደወል አሰቅላለሁ!" ብሎ ጮኸ። "ትልቅ ደወል! ኮምቦልቻ ድረስ የሚሰማ!"

"ቢሰማኝስ ምን ሊፈይደኝ? መኪናው አይፈጥን!"

ይህን አልሰማም። ወይም ሰምቶ ተወው። ብቻ እሱን የመረጡ ሴቶች ከዚያ ወዲያ ያለ ወረፋ እንደሚያስፈጩ አከለልኝ። ይህ ወሬ በሰፈሩ ሮጠ። በማግስቱ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ በሴት ተጥለቀለቀ፣ ሁሉም "እኔ የሱ ነኝ" ይላል፤ ያለ ወረፋ ለማስፈጨት የመጡት ተሰልፈው ዋሉ።

ለሦስተኛዋ እጩ ጥያቄዬን ያቀረብሁላት አግዳሚያችን ላይ ነው።

"አንቺስ ብትመረጪ ምን ታደርጊልኛለሽ?"

"እኔ ምን አውቄ" አለች። "ስትናገሪ አንድ ነገር በይ ብለውኛል። ምን ልበል?"

"የሰዓቴን ነገር በይልኝ።"

"እፈራለሁ" አለችኝ። ከነጠላዋ ሥር ቁራሽ ዳቦ አውጥታ ሰጠችኝ። እሷ ዘንድ ቅስቀሳው ይኸው ነበር።

የምርጫው ዕለት አዳራሹ ጢም አለ። ካድሬው ከፊት ጠረጴዛ አስቀምጦ ወረቀት ዘረጋ፤ መምህራችን ቆማ እንድትቆጥር ተነገራት። መጀመሪያ ልብስ ሰፊው ተነሳ።

አሁን የምነግራችሁን ለመረዳት የወሎን ሰው ማወቅ ያሻል። እኛ ዘንድ ሰው ቆሞ፣ ድምፁን ዝግ አድርጎ፣ "ይህ ይሁንላችሁ፣ ያ ይድረስላችሁ" ካለ እየመረቀ ነው። ሲመርቁት ዝም የሚል ደግሞ የለም። እስላሙም ክርስቲያኑም ሁለት መዳፉን ዘርግቶ ይቀበላል። ምርቃትና ዱዓ ሲደረግ የተዘረጋ እጅ ባዶውን አይመለስም እየተባልን ነው ያደግነው።

ልብስ ሰፊው ያን ቀን አማረበት። ዓይኑን ከደን አድርጎ ጀመረ። "ጨለማው ይገፈፋል" አለ። ፊት የተቀመጡት ባልቴት መዳፋቸውን ዘረጉና "አሚን" አሉ። "ተማሪው ያውቃል፣ ልጁም ያውቃል" አለ። "አሚን" አልን አራት አምስት ሆነን። "ጤና ይሆናል፣ ጥጋብ ይሆናል፣ ጎተራው ይሞላል።" አሁን አዳራሹ በሙሉ እጁን ዘርግቷል። በግራዬ "አሚን"፣ በቀኜ ዳቦ ሻጯ "አሜን"፣ ከዘራ የያዘው ሽማግሌ ከዘራውን ጭኑ ላይ አጋድሞ "አሚን ያ ረቢ"። ሰውየው መጀመሪያ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ግን ደስ አለው፣ ጨመረበት። ዝናም አዘነበ፣ ከብት አረባ፣ የመከነችን አስወለደ። የወንበርና የጠመኔ ነገር አልተነሳም። የሰዓት ነገር አልተነሳም። እኔም ራሴ ሰዓቱን ረስቼ መዳፌን ዘርግቼ ነበር።

ካድሬው ከጽሑፉ ቀና ሲል የተዘረጋውን እጅ አየና ድጋፍ መሰለው። "ቁጠሪ" አላት መምህራችንን። እሷም የታዘዘችውን እጅ ቆጠረች። ቁጥሩን ስትነግረው መዝገቡን ገለጠ፤ አዳራሹ ውስጥ ካለው ሰው እጥፍ ድምፅ ተገኝቷል።

"ጓዶች" አለ ካድሬው፣ ላብ በግንባሩ ወጥቶ። "አንድ ሰው አንድ እጅ ነው። ሁለት እጅ አይቻልም።"

ፊት ያሉት ባልቴት "ምርቃት በአንድ እጅ ነውር ነው ልጄ" አሉት።

"ምርቃት አይደለም እናቴ። ምርጫ ነው።"

"እሱ ግን መረቀን" አሉ ባልቴት።

እንደገና ተጀመረ፣ አሁን በአንድ እጅ። ለልብስ ሰፊው አዳራሹ በሙሉ አንድ እጁን አነሳ። ተቆጠረ፤ ልክ መጣ። ካድሬው እፎይ አለ። ቀጥሎ የወፍጮው ሰውዬ አስፋልቱንና ቧንቧውን ዘረዘረ። "እሱን የምትደግፉ" ሲባል አሁንም አዳራሹ በሙሉ አነሳ። ዳቦ ሻጯ ቆማ "እንደምን ዋላችሁ" አለችና ተቀመጠች። ለሷም በሙሉ አነሳን።

ካድሬው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "መምረጥ እኮ ማለት ለአንዱ ማንሳት፣ ለሌላው አለማንሳት ነው።"

እኔ ተናገርሁ። "ጓድ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሦስቱም ፊታችን ቆመው ተናግረዋል። ለዚህኛው አንስቼ ለዚያኛው ብከለክል ነገ በምን ዓይኔ አየዋለሁ? እህል ይፈጭልኛል። ያኛው ልብሴን ይሰፋል። ይችኛዋ ደግሞ ጎኔ ናት።"

"ልክ ናት" አሉ ከኋላ። "ሰው ቆሞ እየለመነ እጅ ይነፈጋል እንዴ?"

ካድሬውም የሰው ልጅ ነው፣ ደክሞት ነበር። ሦስቱንም አንድ ላይ ኮሚቴ አደረጋቸው፤ ልብስ ሰፊው ሊቀመንበር፣ የወፍጮው ሰውዬ ምክትል፣ ዳቦ ሻጯ ጸሐፊ። ቃለ ጉባኤው ላይ "በሙሉ ድምፅ" ብሎ ጻፈ። ጸሐፊያችን መጻፍ አትችልም፤ ከስሟ ገና ሁለተኛው ፊደል ላይ ነች። ስለዚህ መምህራችን እንድትጽፍላት፣ እሷ አውራ ጣቷን እንድታትም ተወሰነ። ሊቀመንበሩና ምክትሉ ዝቅ ባለ ነገር ጣታችንን አናቆሽሽም ስላሉ ማኅተሙ የሷ ብቻ ሆነ።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ጀመርሁ። አንድ ሳምንት አለፈ። ልብስ ሰፊውን ሱቁ ሄጄ "የሰዓቴ ነገርስ?" አልሁት።

"በአጀንዳ ተይዟል።"

"አጀንዳው የት ነው?"

"እየተዘጋጀ ነው። አብሽሪ፣ አይዞሽ።"

የወፍጮውን ሰውዬ ጠየቅሁት። "ከሊቀመንበሩ ጋር ሆነን እያጠናነው ነው" አለኝ። ያለ ወረፋ አስፈጭ እንደሆነም ጠይቄው ነበር፤ ኮሚቴ ከሆነ ወዲህ ወፍጮ ቤት ዘግይቶ ስለሚገባ ወረፋው ጭራሽ ረዝሟል። ሁለቱ በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ፣ በር ይዘጋሉ፣ ሲወጡ ግንባራቸውን ይጠርጋሉ። ዳቦ ሻጯን ምን እንደሚነጋገሩ ብጠይቃት "ማን በየትኛው ወንበር እንደሚቀመጥ" አለችኝ። "ሦስት ስብሰባ ፈጀባቸው።"

የፈራሁት ቀን አልቀረም። ሎንቺናው ሐረጎ ላይ ተበላሸ። ሾፌሩ ሥሩ ገብቶ ተኛ፣ እኛ ዳር ላይ ቁልቁል ኮምቦልቻን እያየን ቆምን። ፀሐይዋ ዘንበል ስትል አየኋት። ከሩቅ ሲያዩት ያ ሜዳ እንዴት ያምራል፤ በሌላ ቀን ቢሆን ቁጭ ብዬ በጠገብሁት። መኪናው ሲነሳ አሥር ሰዓት ሊሞላ ነበር። ጆንያዬን ለጎረቤት ትቼ እየሮጥሁ አዳራሹ ስደርስ ሰዉ እየወጣ ነው። መምህራችን በር ላይ አገኘችኝ። "እትዬ፣ ምነው ዛሬን እንኳ" አለችና ቃሉን አልጨረሰችውም። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እኔ ያላለቀስሁትን እሷ ልታለቅስልኝ ነበር።

በሚቀጥለው ቀን በሰዓቱ ደረስሁ፤ ወደ ኮምቦልቻ አልወረድሁምና። ልብስ ሰፊው ፊት ቆሞ ወረቀት ይዟል። ኮሚቴው ከተመረጠ ጀምሮ የመጀመሪያ ውሳኔውን እንደሚያሳውቅ ነገረን። ውሳኔው እኔ ነበርሁ። ደንቡን በማክበር፣ ለሌላው ትምህርት እንዲሆን፣ ስሜ ተሰርዟል። ሲናገር ወደኔ አላየም፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ አንድ የተሠራ ነገር እንዲታይለት ብቻ ነበር የፈለገው። በቀላሉ ያገኘው እኔን ነው።

"ጸሐፊ ታትምበት" አለ።

ዳቦ ሻጯ ተነሳች። መምህራችን የቀለሙን ቆርቆሮ ከፈተችላት። እሷ ግን ጣቷን አላቀረበችም።

"ምን ይላል?" አለች።

መምህራችን አነበበችላት። ድምፅዋ ዝቅ አለ።

"አላትምም" አለች ዳቦ ሻጯ። አውራ ጣቷን በአራቱ ጣቶቿ ሸፈነችው፣ ሕፃን እጁን እንደሚጨብጠው።

"ደንብ እኮ ነው" አለ ሊቀመንበሩ።

"ይሁን። የኔ ጣት ግን የኔ ነው። ዳቦ ጋግሮ የሚያበላኝ ይኸ ጣት ነው፤ ሰው ስም ላይ አላሳርፈውም። ደግሞ ሰዓቱን እናስለውጣለን ስትሉ አልሰማሁም ወይ? እሱን አምጡና አትማለሁ።"

እንዲህ ረጅም ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። በምርጫው ዕለት ያላለችውን ያን ቀን አለችው።

ካድሬው ጫጫታውን ሰምቶ ገባ። ነገሩ ሲነገረው "እሽ፣ ተማሪው ይወስን" አለ። "ሰዓቱ አሥር ይሁን የምትሉ እጃችሁን አንሱ።" አዳራሹ በሙሉ አነሳ። ልቤ ዘለለች። "በስምንት ይጽና የምትሉስ?" ካድሬውን ማሳፈር ነውር ነውና አዳራሹ በሙሉ አነሳ። ካድሬው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ።

ያን ጊዜ መላውን ያመጣችው ያች ጸሐፊ ናት። "ጓድ፣ እጃችንን ይተዉት" አለችው። "እጃችን ለሁሉም ይነሳል። እግራችንን ይዩ። ነገ በስምንት የሚመቸው በስምንት ይምጣ፣ በአሥር የሚመቸው በአሥር ይምጣ። መምህርት ሁለቱንም ትጠብቀን።"

ካድሬው በዚህ ተስማማ፤ በማግስቱ ኮምቦልቻ ወረድሁ። መውረድ ነበረብኝ፣ ቤቴ ባዶ ነው። መኪናው ዳገቱን ሲወጣ ሁሉ በአሥር የሚመጣውን ሰው በጣቴ እቆጥር ነበር። ሰዉን አውቀዋለሁ፤ ሊቀመንበሩ በስምንት እንደሚገኝ ያውቃሉ፣ "እንዴት ብቻውን ይቀመጣል" ብለው በይሉኝታ በስምንት ሊመጡ ይችላሉ። ከመኪናው ወርጄ የአዳራሹን መንገድ ያዝሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ገፋ አድርጌ አየሁ።

ሞልቷል። ከሰል ሻጩ ከሰሉን ሸጦ መጥቷል፣ ፊቱን ታጥቦ። የልጆች እናቶች ልጆቻቸውን አብልተው መጥተዋል። ባልቴቷ የአስርን ሶላት ሰግደው መጥተዋል። ለካ ስምንት ሰዓት ለማንም አይመችም ነበር። ማንም ሳይናገር፣ ሁሉም ለብቻው የተቸገረ እየመሰለው፣ በይሉኝታ ነው ያን ያህል ጊዜ የተገኘው። መምህራችን በኋላ እንደ ነገረችን፣ በስምንት ሰዓት የመጡት ልብስ ሰፊውና የወፍጮው ሰውዬ ብቻ ናቸው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፊት ለፊት ተቀምጠው ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም ሲሉ ቆዩ፤ መጨረሻ ላይ ልብስ ሰፊው እንቅልፍ ወሰደው።

ካድሬው መዝገቡ እንዲሞላለት ይፈልግ ነበርና የሞላውን አዳራሽ አይቶ ተቃውሞ አላመጣም። ሰዓቱ አሥር ሆነ። የኔም ስም ሳይሰረዝ ቀረ።

ወር ሳይሞላ አንድ እንግዳ ከበላይ መጣ፣ በአሥር ሰዓት፣ ትምህርታችን ሊጀመር ሲል። ልብስ ሰፊው ካኪውን ተኩሶ ቆመና ኮሚቴው የተማሪውን ችግር በጥልቀት አጥንቶ ሰዓቱን እንዳስተካከለ ተናገረ። የወፍጮው ሰውዬ ራሱን እየነቀነቀ ያጸድቅለታል። ዳቦ ሻጯ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች። እንግዳው ተደሰተና እሱም መናገር ጀመረ። ስለ ሰዓት አከባበር ተናገረ። ጊዜ ምን ያህል ክቡር እንደሆነ ተናገረ። የባከነ ደቂቃ እንደማይመለስ ተናገረ። መምህራችን ጠመኔዋን ይዛ ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ቆማ ትጠብቃለች። በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ከሰሌዳው ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ ጣሪያው ወጣ። አዳራሹ ውስጥ መብራት የለም፤ ብርሃኑ ከሄደ ትምህርቱም ሄደ ማለት ነው።

እኔ ያን ብርሃን ሳየው ቆየሁና ተነሳሁ።

"ጓድ፣ ዕድሜ ይስጥዎ፣ የተናገሩት ሁሉ ልክ ነው" አልሁት። "እኔ ግን ለዚህች ሰዓት ከኮምቦልቻ ነው የመጣሁት። ልጅቱ ታስተምረን።"

ልብስ ሰፊው ዓይኑን አፈጠጠብኝ። እንግዳው ወደ መስኮቱ አየ፣ የእጁን ሰዓት አየ፣ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። መምህራችን ወደ ሰሌዳው ዞረች።